ቤተ ክርስቲያኑ ከታክስ ነጻ ነው፤ ማኅበራችን ግን አልነበረም

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ በጽዋ ማኅበር፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም እንዲሁ በጓደኛሞች ስብስብ ጎዳና ላይ ላሉ ሰዎች ምግብና ልብስ ለምታደርሱ ነው። እኛ ላይ የደረሰው እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው። ሒሳብ አዋቂ አይደለሁም፤ ጠበቃም አይደለሁም። የአንድ ትንሽ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። የማውቀውን ያወቅኩት ከተቸገርን በኋላ ስለሆነ ግን አንዱንም አልረሳውም። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ከሦስት አጥቢያ የተሰባሰብን ሃያ ስድስት ሰዎች ነን፤ አብዛኞቻችን ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው እንኖራለን። ወር በገባ በሃያ አንድ ጽዋ እንጠጣለን፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ተራ ወጥተን ምግብ ይዘን ዲሲ መሃል እንወርዳለን። ማክፈርሰን አደባባይ የነበሩት ድንኳኖች በ2023 መጀመሪያ ላይ ሲነሱ የምናውቃቸው ሰዎች ተበታተኑብን። ከዚያ ወዲህ በመኪና እየዞርን ነው የምናገኛቸው። ምግቡ ቀላል ነው። ምስር ወጥ በእንጀራ ጠቅልለን በፎይል እናሽጋለን፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበት ትኩስ ሻይ። አንድ ሽማግሌ አሉ፣ መኪናችንን ገና ከሩቅ ሲያዩ ሁለት እጃቸውን እንደ ኩባያ አድርገው ያሳዩናል። ሻይዋን ማለታቸው ነው።

እንጀራውን የምትሰጠን ምግብ ቤት ያላት አንዲት እኅታችን ናት። በየሳምንቱ አርባ እንጀራ፣ ከዚያ በላይ የምትጨምርበትም ጊዜ አለ። ኖቬምበር 2023 ላይ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ድስቱን መኪና ውስጥ እያስገባሁ ስልክ ደወለች።

«እኅቴ፣ እንዳትደነግጪ። ታክስ የሚሠራልኝ ልጅ ማኅበራችሁን ኮምፒውተር ላይ ሲፈልገው ተሰርዟል ይላል አለኝ።»

«ምኑ ነው የተሰረዘው?»

«ነጻነታችሁ። የታክሱ።»

እውነት ለመናገር አላመንኳትም። ቤት ውስጥ ፋይላችን ውስጥ በ2017 ከአይ አር ኤስ፣ ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ የተሰጠን ደብዳቤ አለ። 501(ሲ)(3) ናችሁ፣ ለእናንተ የሚሰጥ ሰው ከታክሱ ሊቀንስ ይችላል የሚለው ደብዳቤ። እሱን እንደ ዲፕሎማ አይተነው አስቀምጠነዋል። ማታ ቤት ገብቼ ራሴ ፈለግኩት። አይ አር ኤስ ድረ ገጹ ላይ ማንም ሰው ስም አስገብቶ የሚያይበት መፈለጊያ አለው፤ ስማችን ወጣ፣ የወጣው ግን በራሱ ጊዜ ከተሰረዙት ዝርዝር ውስጥ ነው። የተሰረዝንበት ቀን ሜይ 15፣ 2023 ይላል። ለስድስት ወር ያህል የሌለንን ነገር አለን ብለን ደረሰኝ ስንቆርጥ ከርመናል።

ምን ሆኖ ነው? እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው።

«ቤተ ክርስቲያን ከታክስ ነጻ ነው» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ እውነትም ነው። በአሜሪካ ሕግ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ምኩራብ መስፈርቱን እስካሟሉ ድረስ ማመልከቻ እንኳ ሳያስገቡ ነጻ ናቸው፣ በየዓመቱ 990 የሚባለውን ፎርምም የመሙላት ግዴታ የለባቸውም። ማኅበር ግን ቤተ ክርስቲያን አይደለም። እኛ በ2017 ባንክ ሒሳብ ለመክፈት ብለን በሜሪላንድ ራሳችንን የቻልን ድርጅት ሆነን ተመዘገብን፣ የራሳችንን የታክስ ቁጥር አወጣን፣ ለአይ አር ኤስ አመለከትን። ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ጥላ ወጣን ማለት ነው። ስማችን የቅዱስ ስም ቢሆን፣ ስብሰባችን በጸሎት ቢከፈት፣ ንስሐ አባት ቢኖረን ለውጥ የለውም። በየዓመቱ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለብን።

ሪፖርቱ ደግሞ ከባድ ቢሆን ኖሮ ባልቆጨኝ። የዓመት ገቢው በተለምዶ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበር የሚሞላው 990-ኤን የሚባለውን ነው። ፖስት ካርድ ይሉታል። ኢንተርኔት ላይ ይሞላል፣ ክፍያ የለውም። የሚጠይቀው ስምና አድራሻ፣ የታክስ ቁጥር፣ የአንድ ኃላፊ ስም፣ ዓመቱ፣ ድረ ገጽ ካላችሁ እሱን፣ ገቢያችሁ ከ50,000 እንደማይበልጥና አሁንም እየሠራችሁ መሆኑን ነው። የገቢና ወጪ ዝርዝር እንኳ አይፈልግም። ሻይ ቀርቦ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ብትዘገዩም ቅጣት የለውም። ሦስት ዓመት በተከታታይ ካላስገባችሁ ግን ማንም ሳይወስንባችሁ በሕጉ በራሱ ትሰረዛላችሁ። ይህ በ2006 የወጣ ሕግ ነው፤ ይግባኝ የሚባልበትም የለም።

የቀድሞው ገንዘብ ያዣችን በየዓመቱ ያስገባው ነበር። በ2020 ሥራ አግኝቶ ሌላ ስቴት ሄደ። ኮሮናው ነበር፣ ስብሰባ የለም፣ ርክክቡ በስልክ ነው የተደረገው። የባንኩን ቁልፍ ቃል ሰጠን፣ የቼኩን ደብተር ሰጠን። ስለ ፖስት ካርዱ ማንም አላነሳም። 2020፣ 2021፣ 2022 አለፉ። ተሰርዛችኋል የሚለው ደብዳቤ ደግሞ የተላከው የቀድሞው ሊቀ መንበራችን ለቅቆት ወደ ሄደው አፓርትመንት ነው። አድራሻ ሲቀየር በፎርም 8822-ቢ ማሳወቅ እንደሚገባም አናውቅም ነበር።

ሌላም ያምታታን ነገር አለ። የእኛ ማኅበር ዓመቱን የሚዘጋው በጳጉሜ ነው። ሪፖርት የምናቀርበው፣ ኃላፊ የምንመርጠው፣ ሁሉም ነገር ለእንቁጣጣሽ ነው። ማመልከቻው ላይ ግን የሒሳብ ዓመታችሁ መቼ ያልቃል ሲል ዲሴምበር ተብሎ ተሞልቷል። ስለዚህ ለአይ አር ኤስ የእኛ ቀነ ገደብ ሜይ 15 ነው፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ያለው አምስተኛው ወር አሥራ አምስተኛው ቀን ማለት ነው። በእኛ አእምሮ ደግሞ ሜይ ማለት የዓመቱ ማገባደጃ እንኳ አይደለም። የራሳችሁን ፋይል አውጡና እዚያ ላይ ምን ወር እንደተጻፈ ዛሬ እዩት።

መውጫው ምን ነበር? ደግነቱ ለትንንሾች ቀለል ያለ መንገድ አለ። የተሰረዘው ማኅበር 990-ኤንን ወይም ከእሱ ከፍ የሚለውን አጭር ፎርም 990-ኢዜድን መሙላት የሚችል መጠን ከሆነ፣ ከዚህ በፊትም ተሰርዞ የማያውቅ ከሆነ፣ የስረዛው ደብዳቤ ከተጻፈበት ወይም ስሙ ዝርዝሩ ላይ ከወጣበት፣ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ በ15 ወር ውስጥ እንደገና ካመለከተ፣ ነጻነቱ ከተሰረዘበት ቀን ጀምሮ እንዳልተቋረጠ ተደርጎ ይመለስለታል። እኛ 1023-ኢዜድ የሚባለውን አጭሩን ማመልከቻ ነው የሞላነው። ክፍያው 275 ዶላር ነው። ረጅሙ 1023 ቢሆን 600 ነበር። አጭሩን ለመሙላት በሚቀጥሉት ዓመታት በዓመት ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ገቢ የምትጠብቁ፣ ንብረታችሁም ከ250,000 የማይበልጥ መሆን አለበት። ጃንዋሪ ላይ አስገባን፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ደብዳቤው መጣ። የአሥራ አምስት ወሩ ካለፈ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ለምን እንዳላስገባችሁ በቂ ምክንያት አስረዱ ትባላላችሁ። ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ስማችሁን ራሳችሁ ፈልጉ።

በዚያ መሃል የነበሩት ሳምንታት ግን ከብደውኝ ነበር። ለሰጡን ሰዎች መንገር ነበረብን። ሰጪ የሰጠው ስማችን የስረዛ ዝርዝሩ ላይ ከመውጣቱ በፊት ከሆነ ችግር የለበትም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነው አጠያያቂ። አንድ በአንድ ደወልኩ። ማንም አልተቆጣኝም። አንድ አባት «ልጄ፣ እኔ የሰጠሁት ለታክሱ አይደለም» አሉኝ። እሳቸው እንዲህ ሲሉኝ ይበልጥ አፈርኩ፤ የሰጡት በእምነት ነውና እኛም በእምነት መያዝ ነበረብን።

ገና እየጀመራችሁ ከሆነ መጀመሪያ የምትወስኑት ይህን ነው፦ በቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው የምትሆኑት ወይስ ለብቻችሁ? ሁላችሁም የአንድ አጥቢያ ሰዎች ከሆናችሁና ከሰበካ ጉባኤው ጋር ከተስማማችሁ በቤተ ክርስቲያኑ ሥር መሆን ይሻላል ባይ ነኝ። ገንዘቡ በቤተ ክርስቲያኑ ሒሳብ ይገባል፣ «ለነዳያን» ተብሎ ለብቻው ይመዘገባል፣ ደረሰኙን ቤተ ክርስቲያኑ ይሰጣል፣ የተለየ ፎርም የለም። እኛ ከሦስት አጥቢያ ስለሆንን አልተመቸንም። ለብቻ መቆም ነጻነት አለው፣ ግን በየዓመቱ የሚሞላ ወረቀት አለው፤ ለአይ አር ኤስ ብቻ አይደለም፣ ሜሪላንድም በየኤፕሪል 15 የራሷን ዓመታዊ ሪፖርት ትፈልጋለች።

ሦስተኛ መንገድ የለም። ሦስተኛ መንገድ የምለው በአንድ ሰው የግል ዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሚላክበት) መሰብሰብን ነው። ይህ በኛ ሰው ዘንድ በጣም ስለተለመደ ደግሜ ልናገር። ክረምት ሲመጣ አንዱ ዋትሳፕ ላይ ቁጥሩን ይለጥፍና «ለብርድ ልብስ» ይላል፣ ሰውም ይልካል። ነገሩ መልካም ነው፣ ሰጪው ግን ለግለሰብ ነው የሰጠው፤ ከታክሱ መቀነስ አይችልም። ሰብሳቢው ደግሞ ስንት ሺህ ዶላር በግል ሒሳቡ አለፈ፣ የማን ነው ሲባል የሚያሳየው ወረቀት የለውም። መንገድ ላይ ለተቀመጠው ሰው በእጃችሁ የሰጣችሁትም እንዲሁ ነው። ስጡ፣ ግን ከታክስ ጋር አታገናኙት።

አሁን ወደ ደረሰኙ። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጠ ሰው የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፣ ታክሱን ከማስገባቱ በፊትም እጁ መግባት አለበት። ወረቀቱ ላይ የማኅበሩ ስም፣ የገንዘቡ መጠን፣ በምላሹ የተሰጠው ነገር እንዳለ ወይም እንደሌለ መጻፍ አለበት። «በምላሹ ምንም ዕቃ ወይም አገልግሎት አልተሰጠም» የምትለዋ መስመር ከሌለች ደረሰኙ ዋጋ የለውም። እኛ ለዓመታት ያለዚያ መስመር ስንሰጥ ነበር። ለጥሬ ገንዘብ ደግሞ ትንሽም ብትሆን ከባንክ ወይም ከማኅበሩ የሆነ መረጃ ያስፈልጋል። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የገባ ብር መረጃ የለውም። ስለዚህ ስም የሚጻፍበት ፖስታ አዘጋጀን።

ጨረታም አለ። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ አንድ ሥዕል ወይም ጥበብ ቀሚስ ይወጣል፣ ሰው በፍቅር ዋጋውን ይሰቅለዋል። 300 ዶላር የሚያወጣውን ቀሚስ በ1,100 የገዛ ሰው ስጦታው 800 ነው እንጂ 1,100 አይደለም። ከ75 ዶላር በላይ ከፍሎ ዕቃ ለወሰደ ሰው የዕቃውን ግምት በጽሑፍ መንገር የማኅበሩ ግዴታ ነው። የሎተሪ ቲኬት ደግሞ ጭራሽ እንደ ስጦታ አይቆጠርም።

ለአባሎቻችን በግልጽ የነገርኳቸው ነገር አለ። አብዛኞቻችን ታክስ ስንሠራ የምንወስደው መደበኛውን ተቀናሽ ነው፤ ወጪያችንን ሳንዘረዝር ሕጉ የሚፈቅደውን አንድ የተወሰነ መጠን ማለት ነው። ኡበር የሚነዳው፣ ሆስፒታል የሚሠራው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው ሁሉ። ለእነሱ ደረሰኙ እስከ 2025 ድረስ ብዙም ጥቅም አልነበረውም። ከ2026 ጀምሮ ግን ሕጉ ተለውጧል፤ መደበኛውን የሚወስድ ሰውም ለበጎ አድራጎት በጥሬ ገንዘብ ከሰጠው እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው ካስገቡ እስከ 2,000 መቀነስ ይችላል። ልብስና ዕቃ በዚህ ውስጥ አይገባም። ለእንደኛ ዓይነቱ ትንሽ ማኅበር ትልቅ ነገር ነው፣ በወር ሃያ ሠላሳ ዶላር የሚሰጡት እናቶች ናቸውና የሚያቆሙን። ግን ዝርዝሩ ላይ ስማችን ከሌለ ለእነሱም የለም። በሌላ በኩል፣ ተቀናሻቸውን ዘርዝረው የሚያስገቡ ሰዎች ከ2026 ጀምሮ ከገቢያቸው የመጀመሪያው ግማሽ በመቶ ያህል ስጦታ አይቆጠርላቸውም። ትልልቅ ሰጪ ካላችሁ ይህን አስቀድመው ይወቁት።

ስለ ምግብ ቤቷ እኅታችን ልመለስ። የደወለችበት ምክንያት አለ። ንግድ ያለው ሰው ከሚሸጠው ምግብ ለችግረኛ ሲሰጥ ወጪውን ብቻ ሳይሆን ከትርፉም ግማሹን ያህል ጨምሮ የሚቀንስበት ደንብ አለ፤ ጠቅላላው ከወጪው እጥፍ አይበልጥም፣ በዓመትም ከንግዱ የተጣራ ገቢ 15 በመቶ ድረስ ነው። ይህን ለማግኘት ግን ተቀባዩ 501(ሲ)(3) መሆን አለበት፣ ምግቡን ለታመመ፣ ለችግረኛ ወይም ለሕፃናት ብቻ እንደሚያውለው፣ እንደማይሸጠው በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ይህ ማለት ቅዳሜ የተረፈውን እንጀራ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለማኅበሩ ገቢ ብላችሁ ብትሸጡት ቃላችሁን አፍርሳችኋል፣ እሷንም አጋልጣችኋል። አንድ ጊዜ ልናደርገው ተነስተን ነበር፣ ደግነቱ አላደረግነውም። ምግብ ቤቶች «ሰው ቢታመምብን እንከሰሳለን» ብለው የሚፈሩ ከሆነ ደግሞ በ1996 የወጣ፣ በቅን ልቦና ምግብ የሚለግስን ሰው ከክስ የሚከላከል የፌዴራል ሕግ እንዳለ ንገሯቸው። እኛ ይህን ነግረን ሁለተኛ ምግብ ቤት አግኝተናል።

በራሳችን እጅ የምንሠራው ሽያጭ ሌላ ነው። አምባሻ ጋግረን፣ ቡና አፍልተን ስንሸጥ፣ ሥራው በሙሉ ማለት ይቻላል ያለ ክፍያ በበጎ ፈቃደኞች ስለሚሠራ የፌዴራል ገቢ ግብር አይመጣበትም።

የሽያጭ ታክስ በየስቴቱ ይለያያል። ሜሪላንድ 6 በመቶ ነው። ከግሮሰሪ የሚገዛ ጥሬ ምግብ ላይ የለም፣ ብርድ ልብስ፣ ካልሲ፣ የወረቀት ሳህን ላይ ግን አለ። ነጻ የሚያደርግ የምስክር ወረቀት ከስቴቱ ይወጣል፤ የፌዴራሉ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። እኔ ወረቀቱን ይዤ 120 ብርድ ልብስ ልገዛ ሄድኩ፤ አንዱ 9 ዶላር ነው። ልከፍል ስል ያወጣሁት የራሴን ካርድ ነው፣ ማኅበሩ በኋላ ይተካልኛል ብዬ። ገንዘብ ተቀባይዋ ካርዱ ላይ ያለውን ስም አየችና አይሆንም አለች። ልክ ናት። ክፍያው ከማኅበሩ መውጣት አለበት። 64 ዶላር ከ80 ሳንቲም ከፈልኩ። በዚያ ገንዘብ ከአሥር ጥንድ በላይ ወፍራም ካልሲ ይገዛል፤ ክረምት ላይ ከምግብ ቀጥሎ የሚጠይቁን ካልሲ ነው። በማግስቱ የማኅበሩን የባንክ ካርድ አወጣን።

አዲስ አበባ ለሚገኝ የአረጋውያን መርጃም ለገና እንልካለን። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አሜሪካ ያለ ሰው ውጭ አገር ላለ ድርጅት በቀጥታ የሰጠው አይቀነስለትም። በእናንተ በኩል ሲያልፍም ማኅበሩ ዝም ብሎ ማስተላለፊያ ቱቦ መሆን የለበትም። ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ኮሚቴው መሆን አለበት፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ እዚያ ምን ላይ እንደዋለም ደረሰኝ አስመጡ። «ይህችን 500 ለአጎቴ ልጅ አድርሱልኝ፣ እሷም ችግረኛ ናት» የሚል ሰው ይመጣል። አትቀበሉ። ማስከፋቱ አይቀርም፣ እኔንም አንድ ዘመዴ አኩርፎኛል።

ምርጫ ሲመጣም እንዲሁ። አንድ አባላችን የማኅበሩን ገጽ ተጠቅመን ለምክር ቤት የሚወዳደረውን ወገናችንን እንደግፍ አለ። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፣ እኔም መርጬዋለሁ። በማኅበሩ ስም ግን አይቻልም፤ 501(ሲ)(3) ድርጅት ለዕጩ መቀስቀስ ከ1954 ጀምሮ የተከለከለ ነው። በግላችሁ የፈለጋችሁትን ደግፉ።

አሁን ሥራውን እንዲህ ነው የያዝነው። ማኅበሩ ራሱን የቻለ ኢሜይል አለው፣ ኃላፊ ሲቀየር አብሮ አይጠፋም። ፖስታችን የሚመጣው ወደ ሰው ቤት ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥን ነው። ቁልፍ ቃሉን ሁለት ሰው ያውቀዋል። ሜይ 15 በእኛ ግንቦት 7 ነው፣ ልደታ ደግሞ ግንቦት 1። ለልደታ መቼም ማንም አይቀርም። ባለፈው ዓመት ንፍሮው እንደቀረበ፣ አባታችን ጸሎት አድርገው ሲጨርሱ፣ ላፕቶፑን ከፈትኩና ሁሉም እያዩ ፖስት ካርዱን ሞላሁት። ተቀብለናል የሚለው መልእክት ሲመጣ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ እናቶች እልል አሉ። ዘንድሮ የምትሞላው ከእኛ ትንሿ፣ ኮሌጅ የገባችው ልጅ ናት። እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ።